በገንዳዋ ደረጃ ላይ የወጣው ዝገት

እትዬ ግቢ ውስጥ ያለችው መዋኛ ገንዳ ትንሽ ናት። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ረዳቶቹ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሰማያዊ ውሃ ተኝቷል ብሎ የሚያስብ አላፊ አግዳሚ የለም። እኔ ግን ያን ውሃ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ቤት ሥራ ስገባ መጀመሪያ ገንዳዋ በእጄ ተሰጠችኝ፤ ኋላ ደግሞ የእትዬ የልጅ ልጅ ስትወለድ እሷም። ሕፃኗን መጀመሪያ ያዘልኳት እኔ ነኝ።

ውሃው አመለኛ ነው። የቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ገንዳዋን የምንሞላው ከጓሮ ጉድጓድ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ብረት አለበት። ለዓይን ጥርት ብሎ ይታያል። ክሎሪን ሲነካው ግን ቡናማ ሆኖ ይደፈርሳል፣ ብረቱም ወርዶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ የሞላሁት ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ፓምፕ የሚጠግኑት ጋሼ መጡና ጎንበስ ብለው አይተው «ሻዩስ ደርሷል፤ ስኳሩ የት አለ?» አሉኝ። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። መጀመሪያ ብረቱን የሚይዘው ፈሳሽ መድኃኒት ይገባል። ፓምፑ እያዞረው ይውላል፣ ያድራል። ክሎሪኑ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በትንሽ በትንሹ። ከዚያ ወዲህ ብረት የሚባል ነገር ገንዳዋ አጠገብ አላስደርስም። የሕፃኗን የፀጉር ማስያዣ እንኳ ውሃ ከመግባቷ በፊት እየነቀልኩ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

መዋኘት ግን አልችልም። ስለዚህ እትዬ «ልጄ ዋና ትማርልኝ» ብለው ጥር ላይ አንዲት የሐዋሳ ልጅ አመጡ። እኩያዬ ናት። ሳቂታ ናት። ውሃው ውስጥ ስትገባ ድምፅ እንኳ አታሰማም። ሕፃኗ በጀርባዋ ላይ ተንጠልጥላ በሳቅ ስትፈርስ፣ እኔ ፎጣ ይዤ ዳር ላይ እቆማለሁ።

ሕፃኗ አፍ ከፈታች ጀምሮ የምትጠራኝ «እታለም» ብላ ነው። አንድ ቀን «እታለም!» ስትል ሰምቼ ፎጣውን ይዤ ሮጥኩ። የጠራችው የሐዋሳዋን ልጅ ነበር። ፎጣውን መልሼ አጠፍኩት። ሾርባ ሳቀርብላት «እሷ ታብላኝ» ማለትም ጀመረች። የሐዋሳዋን ልጅ ጉንፋን ይዟት ጥቂት ቀን በቀረች ብዬ ተመኘሁ። ጉንፋኑ የያዘው እኔን ነው፤ እነሱ ሲንቦጫረቁ በመስኮት እያየሁ አስነጥስ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ይጸዳል፤ ገንዳዋም ትደርቃለች። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ሕፃኗና የሐዋሳዋ ልጅ ደረቋ ገንዳ ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ድስት በምንፈትግበት የብረት ሽቦ ደረጃውን ይፈትጋሉ። ሕፃኗ አፍንጫዋ ላይ ሳይቀር አረፋ አለ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እያገዝንሽ ነዋ!» አለች የሐዋሳዋ ልጅ። «እዪው እንዴት እንዳበራ!»

«በሽቦ አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

«ምን አልሽ?»

«ሽቦው ይበጣጠሳል። ብናኙ ይቀርና ይዝጋል።»

«ኧረ ተይ እናቴ! እኛ ቤት ድስቱ ሁሉ በዚሁ ነው የሚፈተገው፤ ዛገ ብሎ የከሰሰን ድስት የለም።»

ሕፃኗ አረፋ ያለበት ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ቀናሽ! ቀናሽ!»

እውነቷን ነበር። ሲወጡ የውሃውን ጎማ ዘርግቼ ደረጃውን ደጋግሜ አጠብኩት። ያ ደቃቅ ብረት ግን በሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቷል፤ በውሃ የሚወጣ አልሆነም። ከዚያ ገንዳዋን ሞላሁ፣ የብረቱን መድኃኒት ጨመርኩ፣ ክሎሪኑንም በተራው። የፋሲካ ማግስት ደረጃው እንደ ጠቃጠቆ ቡናማ ነጥብ በነጥብ ሆኖ አደረ።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?» አሉ እትዬ። «ገንዳዬን ነብር አደረጋችሁብኝ እኮ!»

ቀና ብዬ ሳላይ፣ የሐዋሳዋ ልጅ «እኔ ነኝ እትዬ፤ በሽቦ ፈትጌው ነው። እሷ እንዳላደርግ ነግራኝ ነበር» አለች። በእኔ ልታመካኝ ትችል ነበር። ብታመካኝ ደስታዬ፤ እንደ ልቤ እጠላት ነበር። ሕፃኗ «እኔም ነኝ፣ ገንዳችንን አበላሸኋት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ፊቷን ለመደበቅ የሮጠችው ወደ ሐዋሳዋ ልጅ ጉያ ነው።

የማደርገውን አውቅ ነበር። ጋሼ ነግረውኛል። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ካለው መድኃኒት ቤት የቫይታሚን ሲ ኪኒን ገዛሁ፣ ወቀጥኩት፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ አሰርኩት። ሕፃኗን ጠርቼ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ቦታ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ካልሲውን ዝገቱ ላይ ተጭኜ ቆየሁና አነሳሁት። ነጥቡ የለም።

«የት ሄደ?»

«ሟሟ። ውሃው ውስጥ ገባ።»

«ተመልሶ ይመጣል?»

«መድኃኒቱን ካልጨመርኩ ይመጣል። እጨምራለሁ።»

ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ፀጉሯ የኔው ሳሙና የኔው ሳሙና ይሸታል። ካልሲውን ተራ በተራ እየያዝን፣ አንዱን ነጥብ እሷ አንዱን እኔ፣ ቀስ እያልን ሄድን። ደረጃው እንዳያልቅ ፈለግሁ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ስትጠፋ ብድግ ብላ «እታለም፣ ነይ እዪ!» ብላ ጮኸች። እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ።

የሐዋሳዋ ልጅ መጥታ አየችና አጨበጨበች። ከዚያ ሕፃኗን ወደ እኔ በቀስታ ገፋ አድርጋ «እሷ እኮ ናት ያዳነችን። በይ ሂጂና ሳሚያት» አለቻት።

ከዚያ ሁሉ ነገር ይህ ነው የቆጨኝ። ያዘልኳት ልጅ እኔን እንድትስም በሌላ ሰው ትታዘዝ? ሕፃኗ ግን እርጥብ ፊቷን ይዛ መጣች፣ ጉንጬን ስማኝ ልትሮጥ ዞረች። ተልካ እንደመጣች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ክንዷን ያዝኩና ሌላኛውን ጉንጬን አዞርኩላት። ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቴን አቅፋ፣ ካሰብኩት በላይ ረዘም አድርጋ ሳመችኝ። ይህኛውን የለመንኳት እኔ እንጂ ያዘዛት ሰው የለም።