ዓሣውን የለኩት ሁሉ

የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን እዚሁ ጅቡቲ ሲያካሂድ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ምሳውን የሠራችው ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ኢትዮጵያዊት ናት። ምሳው ከተወደደ የማኅበሩን ሥልጠናዎች ሁሉ እንድታስተናግድ ቃል ስለተገባላት ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

ድስቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ባለሙያ ሳህን ሳያነሳ ቴርሞሜትር አወጣ። የዓሣ ወጡ ሰባ አምስት ዲግሪ ነበር፤ አለፈ። ሁለተኛዋም የራሷን ሰካች። ሦስተኛው "የእኔ መሣሪያ ይሻላል" ብሎ ቀጠለ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ፤ ማንም አልጨለፈም፤ ድስቱንም የከደነ የለም። እኔ እንደ ልማዴ ቁጥሮቹን እጽፋለሁ። የመጨረሻው ሰው ስልሳ አንድ አነበበ።

"ደንቡ ከሚጠይቀው ስልሳ ሦስት በታች ነው፤ አይበላም" አሉ በአማርኛ የማይታሙት የማኅበሩ ሊቀመንበር።

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ እኔ ትኩሱን ነው ያመጣሁት! ያቀዘቀዛችሁት እናንተ፤ ዓሣዬንም ወንፊት አደረጋችሁት!"

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ከማስታወሻዬ በተራ አነበብኩላቸው፦ ሰባ አምስት፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ ስምንት... ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።

"እንደገና ይሙቅ። አሁን ግን አንድ ሰው ብቻ ይለካ" አሉ ሊቀመንበሩ።

"እሱም እኔ ነኝ" አለች እጇን ዘርግታ።

ቴርሞሜትራቸውን ሰጧት። ሰባ ስምንት ሲሞላ ጮክ ብላ አነበበችና ራሷ ጨልፋ አደለችን። ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን፣ የተበሳሳውን ዓሣ ጥርግ አድርገን በላን። ሊቀመንበሩ ሳህናቸውን ለሁለተኛ ጊዜ እየዘረጉ "የመጀመሪያው ሥልጠና ማክሰኞ ነው" አሏት።