ከመደቡ የሚጀምር ቤት

ሐይቅ ከተማ ባንዲት ጠባብ ክፍል የቤት ፕላን በኮምፒውተር እሠራ ነበር፤ ያቺ ክፍል ዛሬም ትናፍቀኛለች። ጦርነቱ እንዳለፈ ሰሞን ከጅዳ የተመለሰች ዘሃራ የምትባል ልጅ መጣች። ውጫሌ አጠገብ የነበረው የአባቷ ቤት ፈርሷል።

"እንደ ድሮው አድርገህ ሣልልኝ" አለችኝ።

እኔ እንደ ልማዴ ዜሮ ነጥቡን የቤቱ ጥግ ላይ አደረግኩ። ፕላን ላይ ያለው ሁሉ የሚለካው ከዜሮው ተነሥቶ ነው። ዘሃራ ግን ስለ ጥግ ብጠይቃት አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ እያለች፣ "ጓዳው ከአባዬ መደብ በስተቀኝ ነው፤ በሩ ደግሞ ከመደቡ ፊት ለፊት" ትለኛለች።

"እህቴ፣ ቤት የሚለካው ከጥግ ነው!"

"ወላሂ የኛ ቤት ከመደቡ ነው!"

በሩንም ከፍ ላድርገው ብላት፣ እንደ ድሮው ዝቅ ካላለ ብላ ድርቅ አለች። እየተነጫነጭኩ ዜሮውን ከጥግ አንሥቼ መደቡ ላይ አደረግኩት። ግራ ቀኙ ሁሉ ወዲያው ቦታ ቦታውን ያዘ።

ባዶው መሬት ላይ ፕላኑን በኖራ ያሰመርን ቀን፣ አባቷን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ዓይነ ስውር መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። መደቡ የሚሠራበት ቦታ ላይ ድንጋይ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

"አባዬ፣ ቤትህ ገብተሃል" አለቻቸው።

ሽማግሌው "ቢስሚላህ" ብለው ተነሡ። ማንም ሳይዛቸው ቀጥ ብለው ተራመዱ። የበሩ መስመር ጋ ሲደርሱ፣ ገና ያልቆመው በር ግንባራቸውን እንዳይመታቸው ጎንበስ ብለው ወጡ።