የሆርፒና አልቅቶች

ኦዳርካ ዩክሬን ውስጥ፣ ፖልታቫ አጠገብ ባለች ከተማ፣ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የደም ብልቃጡን በየጊዜው ዘንበል እያደረገች፣ ደሙ በስንት ደቂቃ እንደሚረጋ ትመዘግባለች። አክታም መግልም አይሰቀጥጣትም። የሚዘገንናት አልቅት ብቻ ነው፤ እናቷ ሆርፒና መድኃኒት ናቸው እያለች በማሰሮ ታረባቸው ነበርና።

ታናሽ ወንድሟ ትሮኪም የሐሞት ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ፣ ዓይኑ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ደሙ በሃያ ደቂቃም አልረጋ አለ። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ አይገባም። ሐኪሙ በዚህ ደም ቢላ አላነሳም አለ። በሽታ የመከላከል አቅሙም ስለደከመ ትንሽ ጭረት እንኳ እንዳይነካው አስጠነቀቀ። የቫይታሚኑን መርፌ አምስት ቀን ተወግቶ ደሙ እንደ ጤነኛ ሰው በዘጠኝ ደቂቃ ሲረጋ፣ ኦዳርካ ብልቃጡን ሳመችው። ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ተቀጠረ።

ጠዋት ክፍሉ ስትገባ የደም ሽታ ተቀበላት። አንሶላው ርሷል። በጉበቱ በኩል ስድስት ቀዳዳዎች ደም ያነባሉ፤ ወለሉ ላይ አንድ የጠገበ አልቅት ይንፏቀቃል። ሾርባ ላብላው ብላ የገባችው ሆርፒና፣ ማሰሮዋን ታቅፋ ጣቶቿን ትጠርጋለች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽው?»

«ቢጫውን ደም አስመጠጥኩለት። ሐኪሞችሽማ ከመውጋት በቀር ምን ሠሩ?»

ቀዶ ጥገናው ቀረ። ነርሶች ቀዳዳዎቹን ሲጫኑ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ትሮኪም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትኩሳቱ አርባ ገባ። ኦዳርካ እናቷን ኮሪደር ላይ ይዛ፣ የአልቅት ምራቅ ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ፣ በቀዳዳዎቹ የገባው ተውሳክም ደሙን እንደሚመርዘው ልታስረዳት ሞከረች፤ ግን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ማሰሮውን ልትቀማት ስትል ሆርፒና አጥብቃ ያዘችው።

«አታካብጂው። አባትሽም ቢጫ የሆነ ጊዜ አሥራ ሁለት አድርጌለት ነበር። ደህና ነበር እኮ፣ ሐኪሞቹ ናቸው የገደሉት።»

አባቷ ሲሞት ኦዳርካ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በደም የራሰው ፍራሽ ጓሮ ሲቃጠል አይታለች። ላቦራቶሪ የገባችውም እናቷ የነገረቻትን አምና፣ ሐኪሞች ዳግመኛ ሰው እንዳይገድሉ ልትጠብቅ ነበር። እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ያቺን ያሳደገቻትን እጅ ተጸየፈች፤ በመጸየፏም ራሷን ጠላች።

ወደ ላቦራቶሪ ተመልሳ ከወንድሟ አዲስ የተቀዳውን ደም አነሳች። ዘንበል አደረገችው። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃም ይፈስ ነበር።