ባሌ ከድንኳን ወደ መኪና የሸሸበት የአዋሽ ጉዞ

ዛሬ ንጋት ላይ አዋሽ ፓርክ፣ ድንኳን ውስጥ ስነቃ ባሌ አጠገቤ የለም።

ነፍሴ ልትወጣ! ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ ነበር። በባዶ እግሬ ወጥቼ "ዳዊት! ዳዊት!" እያልኩ ስጣራ፣ እሳት ዳር የተቀመጠው የፓርኩ ጠባቂ በእጁ መኪናችንን አሳየኝ።

ዳዊት የኋላ ወንበር ላይ በሩን ቆልፎ ለጥ ብሏል። በቃ፣ ጅቡን ለእኔ ትቶልኛል።

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"ደክሞሻል ብዬ ነዋ።"

ከዚያ በኋላ አኮረፍኩት። ፏፏቴውን ዝም ብለን አየን። አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ በአቧራ ውስጥ ሳላ የሚባለውን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ ፍለጋ ስንዞር ዋልን። ውሃ ሲያቀብለኝ ፊቴን አዙሬ እቀበላለሁ። (ኩርፊያ ጥም አይቆርጥም ማለቴ!)

ወደ ቤት ስንመለስ መተሐራን እንዳለፍን ግን አልቻልኩም። "ጅቡ ድንኳኑን ቀዶ ቢገባ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?"

ትንሽ አሰበና "ክላክስ አደርግ ነበር" አለ።

ሳልወድ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። መንገዱን እያየ፣ "ልቀሰቅስሽ እጄን ዘርግቼ ነበር። ፈሪ እንዳትይኝ አፍሬ ተውኩት" አለኝ።

ከተጋባን የመጀመሪያ ጉዟችን ነው።

አሁን ካዛንቺስ ቤታችን ገብተናል። እሱ ታጥቦ ተኝቷል። እኔ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው። መፍራቱን ይቅር ብዬዋለሁ። ከእኔ መደበቁን ግን ገና እያሰብኩበት ነው።

ባል ወይም ሚስት በጭንቅ ሰዓት ጥሏችሁ የሮጠ ካላችሁ፣ እስቲ ኮመንት ላይ አጫውቱኝ። እንቅልፍ እንደሆነ እምቢ ብሏል።