የዘይነባ ጉንፋን በቴሌቪዥን

ታማለች ብዬ ሾርባ የወሰድኩላት ጓደኛዬ አሁን በቴሌቪዥን እጇን ስታውለበልብ አየኋት!

ጠዋት ዘይነባ በስልክ «ጉንፋን ጠፍሮ ይዞኛል፣ አትምጪ ይጋባብሻል» አለችኝ። የታመመ ሳይጠየቅ ይቀራል እንዴ? የዶሮ ሾርባ ሠርቼ ከከተማው አንድ ጫፍ፣ ከእኔ ሰፈር ከዮርድብሩ፣ ሌላው ጫፍ እሷ ሰፈር ኡፕላንድስ ቬስቢ ድረስ በባቡር ሄድኩ።

ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ተኝታ ይሆናል ብዬ ድስቴን ታቅፌ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት ከኦረ ተራራ የቁልቁለት በረዶ ሸርተቴ ውድድር በቀጥታ ይተላለፋል። ተመልካቹን ሲያሳዩ ልጄ በስዊድንኛ «ማማ፣ ቲታ!» (እማዬ፣ እዪ!) ብላ ጮኸች። ዘይነባ ከነባሏ፣ የራሷን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ተደግፋ፣ ጉንጯ ቀልቶ! (አምና ወደ ኦረ እንሂድ ስላት «ብርድ በገንዘቡ የሚገዛ ሞኝ ነው» ያለችኝ እሷው ናት።)

ደወልኩላት።

«ውይ! ዓይን ፈርቼ እኮ ነው። ስመለስ ልነግርሽ ነበር» አለች።

«የማንን ዓይን?»



ዘጋሁባትና ሾርባውን አሙቄ ለራሴ ጠጣሁ። ውድድሩን ማን ያየዋል? ካሜራው ወደሷ እስኪመለስ ነው የምጠብቀው። ሲመለስ፣ «አንዴ ብቻ በቂጧ በወደቀች!» የሚል ከአፌ አመለጠኝ።

ለካ ወዳ አይደለም የፈራችው።

እናንተስ፣ ዓይናችሁን ፈርቶ «የታመመ» ወዳጅ አላችሁ? ወይስ ይሄ ዓይን የኔ ብቻ ነው?