የሟቹ ልብስ አሌክሳንድሪያ ሳሎን ውስጥ

በሁለት ሺህ አሥሮቹ መጀመሪያ፣ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ቤት አጸዳ ነበር። ሰውዬውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠልቼዋለሁ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፔሩ የመጣ ጥንታዊ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ብርሃን ቀለሙን እንዳያጠፋው ሲባል መጋረጃ አይከፈትም፣ እኔም በጠራራ ፀሐይ ቀን በድንግዝግዝ አቧራ ስፈልግ እውላለሁ። ጨርቁ ማማሩ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። ዓይናቸው የፈጠጠ ባለክንፍ ሰዎች በረድፍ በረድፍ ይበርራሉ፤ ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ እባብ ይሆናል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዳቸው በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው የተቆረጠ የሰው ጭንቅላት ይዘዋል።

እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንቴ ውስጥ ብቻዬን አልውልም አለች። ሰውዬውን አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። ሳሎን አስቀምጫት ኩሽና ገባሁ። ስመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጨርቁን ጫፍ በግንባሯና በከንፈሯ እየተሳለመች ነው። የፈጠጠ ዓይንና ክንፍ ስታይ መላእክት መስለዋታል። ዓይኗ ደከም ስላለ ጭንቅላቶቹን አላየችም።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ "ዶንት ተች" ብሎ ጮኸባት። ጣቱንም እንደ ሕፃን ልጅ አወዛወዘባት። እንኳን እሱ፣ አባቴም እንዲያ ጮኾባት አያውቅም። ከዚያ ትምህርቱን ጀመረ፦ የከንፈር ወዝ ክሩን ይበላዋል፤ ጨርቁ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በረሃ ውስጥ ከተቀበረ ሬሳ ላይ የተፈታ ነው፤ ባለክንፎቹም መላእክት አይደሉም። የሬሳውን ነገር እንድነግራት ራሱ አዘዘኝ፤ እንድትደነግጥለት ፈልጎ ይመስለኛል። ነገርኳት።

አልደነገጠችም። መገነዣ መሆኑ ገባት። እጆቿን አጣምራ ቆመችና፣ "ታዲያ ሟቹን ምን አለበሱት? ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ጠየቅኩት። ሳቀ። የሚፈለገው ጨርቁ ነው አለ፤ ጨርቁን የዘረፉት መቃብር ቆፋሪዎች አጥንቱን እዚያው አሸዋ ላይ በትነውት ሄደው ይሆናል።

እናቴ አፍ አፌን እያየች ትጠብቃለች። የገዛ እናቷን በእጇ ገንዛ የቀበረች ሴት ናት። የተሳለመችው ጨርቅ ሰው እርቃኑን አስቀርቶ የመጣ መሆኑን ከነገርኳት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ዐውቃለሁ።

"አዲስ አቡጀዴ አልብሰው መልሰው ቀብረውታል" አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። ወደ ሰውዬው ዞራ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎንም አልባሽ አያሳጣዎት" ብላ መረቀችው። ያ ምርቃት ለእሱ ሲሄድ አንጀቴ አረረ። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ምን አለች ይለኛል።

"ያራቆትከው ሰው በሰማይ ቤት ይፋረድህ ትልሃለች" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ። እሷ እጇን ወደ ላይ አንስታ ምርቃቱን ቀጥላለች፤ እጇ ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ወደ በሩ ይሸሻል።

"ምን ሆኑ ሰውዬው?" አለችኝ።

"ምርቃቱ ነክቷቸው ነው" አልኳት።