ቅዱስ ሚካኤልን ከስጋት የጻፈው ሰው

የአንድ ሰው ኑሮ ቢሰፈር ምን ያህል ይወጣዋል? መልሱ ከእህሉ ይልቅ በቁናው የሚወሰን ይመስለኛል። የእንየውን ኑሮ የታዘበ ይህን አይክድም።

እንየው ንፋስ መውጫ ላይ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል። ሁለት ክረምት ቆሎ እየቆረጠመ አነበበና የፕሮጀክት አመራር ምስክር ወረቀት ለማግኘት ተፈተነ። ኔትወርክ ይሻላል ብሎ የሆቴል ክፍል ተከራይቶ፣ አገሩ የማይታወቅ ሰው በካሜራ እያየው ነበር የተፈተነው። አለፈ። ወረቀቱንም መስታወት አስገጥሞ ሳሎኑ ሰቀለው።

የትውልድ ቀበሌው ከድጓ ምስክር ቤቱ ከቤተ ልሔም ብዙም አይርቅም። እዚያ ድጓ የሚያስመሰክር ሰው ዓመታት ቁራሽ እየለመነ ተምሮ፣ በመምህሩ ፊት ምልክቱ ሳይቀር ተፈትኖ ነው። በዚያ አገር ምስክር ሲባል የሚጠየቀው ማን ፊት ቆምህ ነው እንጂ ምን ሰቀልህ አይደለም። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ከመጡት መካከል፣ ቄስም መሪጌታም የሆኑት የኔታ ዓለምነህ ይህንኑ ጠየቁት።

«መምህርህ ማነው?»

«መምህር የለውም፣ የኔታ። ኮምፒዩተር ነው የፈተነኝ።»

«ኮምፒዩተሩንስ ማን አስመሰከረው?»

እንየው ሳቀ። ወረቀቱ በየሦስት ዓመቱ እንደሚታደስ መናገሩ ግን ጥፋት ሆነበት።

«አይ እንየው!» አለች ጎረቤቱ ላቀች፣ «እንደ ዘይት የሚያልፍበት ቀን አለው በለና!»

በኢንተርኔት አብረውት ካጠኑት መካከል የዱባዩ ጓደኛው፣ ያለዚያ ወረቀት ማመልከቻውን የሚያይለት እንዳላገኘ ጻፈለት። ስቶክሆልም ያለችውን አለቃዋ «መልካም፣ ታዲያ ምን ሠርተሻል?» ብሏታል። የካምፓላው ደግሞ በሰርግ ጥሪው ላይ ከስሙ ቀጥሎ አሳተመው። ወረቀቱ ያው አንድ ነው፤ አንዱ ጋ ቁልፍ፣ አንዱ ጋ ጥያቄ፣ አንዱ ጋ የሰርግ ጌጥ። እኛ ዘንድ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ሆነ።

እንየው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቀበሌው ወንዝ ላይ የሚሠራውን የእግር ድልድይ መምራት። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሰፈሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ይለያያል፤ ሬሳ እንኳ ማዶ ያድራል። ድርጅቱ ሲሚንቶ ሊሰጥ፣ ሕዝቡ ድንጋይ ሊሸከም ተስማሙ። ድርጅቱ መሪው ወረቀት ያለው ይሁን አለ፤ ወረቀት ያለውም እንየው ብቻ ነበር።

ዕቅዱን እንደተማረው አወጣ። ትምህርቱ ሥራ የሚያስቆመውን ሁሉ «ስጋት» በሚል ርዕስ ሥር አስፍር ይላል። በበዓል ቀን አካፋ የሚያነሳ እንደሌለ እንየው ያውቃል፤ ስለዚህ በቅንነት አሰፈረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቅጽሩ እንደተሰበሰበ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«አንደኛ ስጋት፤ ቅዱስ ሚካኤል፣ በየወሩ በዐሥራ ሁለት።»

ደብሩ ሚካኤል ነው።

«ማን ነው የሚያሰጋህ?» አሉ የኔታ በቀስታ።

«እኔን ሳይሆን ሥራውን ነው፣ የኔታ… ቅጹ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ሁለተኛውስ?»

እንየው ወረቀቱን አየ። ሁለተኛዋ እመቤታችን ነበረች። አጠፈው።

«እኛ የሚያሰጋን ጎርፉ መስሎን!» አለች ላቀች ከሴቶቹ መካከል።

በዚያው ዕለት ከመሪነቱ ወረደ። የኔታ መስቀላቸውን አንሥተው «ድንጋይ ሳይሸከም ፋሲካ የደረሰበት የተወገዘ ይሁን!» ብለው ገዘቱ። ዕቅዱም፣ ክትትሉም፣ ቁጥጥሩም በዚያች ቃል አለቀ። ድልድዩ ክረምቱን ቀድሞ ቆመ። እንየውም እንደማንም ድንጋይ ተሸክሞ ትከሻው ተላጠ።

ድርጅቱ ግን ወረቀት በሌለው ሰው የተመራ ድልድይ ለበላዮቹ ማቅረብ አልቻለም። በሪፖርቱ መሪው እንየው ሆነ፤ ግዝቱም «የማኅበረሰብ ማነቃቂያ ስልት» ተብሎ ገባ። የእንየው ፎቶ ባሕር ማዶ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ወሬውም ቀበሌ ደረሰ።

በምረቃው ዕለት የኔታ ድልድዩ ራስ ላይ ቆመው ድንጋይ የተሸከመውን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ መረቁ። ወደ መጨረሻው ላይ እንየው ነጠላውን አደግድጎ ቀረበ።

«የኔታ፣ መሪ በሉኝ አላልሁም። ከተሸካሚዎቹ ጋር አንድ ጊዜ ስሜን ይጥሩልኝ።»

«አንተማ ባሕር ማዶ ተጠርተሃል» አሉትና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።